አንበሳ በዱርና በአጥር ውስጥ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ሥዕል ነው። ባለፈው ሰሞን በትምህርት ቤቱ ዳስ ውስጥ ሕፃናቱ የሚያውቁትን አውሬ እንዲሥሉ ታዘው ነበር። ከመካከላቸው እዚሁ ካምፕ የተወለደ የስምንት ዓመት ልጅ አንበሳ ሣለ። ጎፈሩም ጅራቱም ጥፍሩም ደኅና ነው። ነገር ግን በአንበሳው ዙሪያ እንደኛው የእሾህ አጥር አጥሮ በር አበጅቶለታል። አስተማሪው፣ «አጥሩ ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ጥያቄው ራሱ ገርሞት፣ «ካልታጠረማ የት ያድራል?» ሲል መለሰ። የሰማን ሁሉ ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ ከነከነን። ልጁ ያላየውን አልዋሸም፤ የሚያውቀውን ነው የሣለው።

ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ስለ አንበሳ ብዙ ተባለ። አንዱ «ወንዱ አንበሳ ሰነፍ ነው፤ የሚያድኑት ሴቶቹ ናቸው» ይላል። ሌላው «በግቢ ያለው ይሻላል፤ ሥጋው በሰዓቱ ይመጣለታል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ዝም ብሎ ሻዩን ይጠጣል። እኛም ክርክሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር፣ ከዚህም ከዚያም ያነበብነውን አሰባስበን እነሆ አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያሰፈርነው መጻሕፍቱ እንዲያ ስላሰፈሩት ነው።

የዱሩ ኑሮ

አንበሳ ከድመት ወገን ነው። ይሁን እንጂ ከዘመዶቹ ከእነ ነብር የሚለየው በማኅበር መኖሩ ነው። የማኅበሩ መሠረት ደግሞ ጎፈር ያለው ወንዱ ሳይሆን ሴቶቹ ናቸው። እናት፣ ልጅ፣ እኅት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ ሁሉም የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ሴቷ በአብዛኛው በተወለደችበት መንጋ ኖራ በዚያው ትሞታለች። ወንዱ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ከቤት ይወጣል። ከወንድሞቹና ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ሆኖ ከአገር አገር ይንከራተታል፤ ጉልበቱ ሲጠና የሌላ መንጋ ወንዶችን አባርሮ በቦታቸው ይገባል። እርሱም ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ተራው ደርሶ ይባረራል። እንግዲህ በአንበሳ ዘንድ ስደት ለወንድ ልጅ ነውር አይደለም፤ የዕድሜው አንድ ምዕራፍ ነው።

አዲስ የገቡት ወንዶች ጡት ያልተዉትን ደቦሎች ይገድላሉ። ነገሩ ለሰው ጆሮ የሚዘገንን ቢሆንም ምክንያት አለው። እናት ስታጠባ ለሌላ ፅንስ አትዘጋጅም፤ ወንዱ ደግሞ ዘመኑ አጭር ነው። በረኃብ፣ በጅብና በእንዲህ ያለው ለውጥ የተነሣ ከደቦሎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያልቃሉ።

እናቲቱ የምታረግዘው ለ110 ቀን ያህል ነው። መውለጃዋ ሲደርስ ከመንጋው ተለይታ በጥሻ ወይም በቋጥኝ ሥር ሁለት ሦስት ደቦሎች ትወልዳለች፤ ሽታቸው እንዳያጋልጣቸውም በአፏ አንጠልጥላ ቦታ ትለዋውጣለች። ስድስት ስምንት ሳምንት ሲሆናቸው ወደ መንጋው ታመጣቸዋለች። ሴቶቹ ተቀራርበው የወለዱ እንደሆነ አንዷ የሌላዋን ልጅ ታጠባለች፤ በአንድነትም ይጠብቋቸዋል። ደቦሎቹ እያዩ፣ እየተከተሉ፣ እየሳቱና እየተቆጡ ማደን እስኪለምዱ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ጥፍርና ጥርስ ከአንበሳ ጋር ይወለዳል፤ አደን ግን ትምህርት ነው።

የአንበሳን ኑሮ በዝርዝር ካጠኑት አንዱ ጆርጅ ሻለር የተባለው ሊቅ ነው። በ1966 ታንዛንያ ውስጥ ሴሬንጌቲ ወርዶ ሦስት ዓመት ከአንበሶች ጋር ከዋለና ካደረ በኋላ፣ ያየውን በ1972 በመጽሐፍ አወጣው። እርሱ የጀመረውን ጥናት ሌሎች ተቀብለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቀጥለውታል። ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው እውቀት ንጉሥ ስንለው የኖርነውን አውሬ ከዙፋኑ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። አንበሳ በቀን ውስጥ ወደ 20 ሰዓት ያህል ተኝቶ ወይም ተጋድሞ ያሳልፋል። ሲያድንም ከአራት ሙከራ ሦስቱ ያህል ይከሽፍበታል። በንጎሮንጎሮ ደግሞ ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ሌሊት ሌሊት ሲከታተል፣ ብዙ ጊዜ ገድሎ የሚጥለው ጅብ፣ ነጥቆ የሚበላው አንበሳ ሆኖ አገኘው። ጠዋት የሚያልፍ ሰው አንበሳውን ከሬሳው ላይ፣ ጅቦቹን ዙሪያውን ቆመው ሲያይ፣ ሌባው ጅብ ነው ብሎ ይፈርዳል። በተረታችን ያ ሁሉ ስድብ የወረደበት አያ ጅቦ፣ እዚያ እንኳ ይግባኝ ቢል ያሸንፍ ነበር።

«ወንዱ አያድንም» ለሚሉትም መልስ አለ። በሜዳ ላይ በኅብረት የሚያድኑት በብዛት ሴቶቹ መሆናቸው እርግጥ ነው። ናሚቢያ ውስጥ በኤቶሻ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንዶቹ ሴቶች ዘወትር በግራና በቀኝ ክንፍ ይዞራሉ፤ ሌሎቹ መሐሉን ይዘው አድፍጠው ይጠብቃሉ። እያንዳንዷም ቦታዋን ታውቃለች። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካው ክሩገር በ2013 የወጣ ጥናት፣ ወንዱም በጥሻ ውስጥ ብቻውን አድፍጦ እንደሚያድንና ከሴቶቹ እንደማያንስ ገለጸ። በጥሻ የሚደረገውን ዐይን ስለማያየው ብቻ ሰነፍ ተብሎ ኖሯል።

ስለ ጎፈሩም እንጨምር። በ2002 ከሴሬንጌቲ የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ተመራማሪዎቹ የተለያየ ጎፈር ያደረጉ ሰው ሠራሽ አንበሶች አቁመው ጠበቁ። ሴቶቹ ጥቁር ጎፈር ወዳለው አዘነበሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ረጅም ጎፈር ያለውን ሸሹ። ጥቁር ጎፈር የጤናና የጥጋብ ምልክት ነው። ዋጋም ያስከፍላል፤ በጠራራ ፀሐይ ሙቀቱ ይብሳል።

የአንበሳ ግሳት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል። በሴሬንጌቲ ተመራማሪዎች የእንግዳ አንበሶችን ግሳት በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙ፣ የአካባቢው ሴቶች የሚያገሱትን እንደ መቁጠር ያደርጋሉ። የራሳቸው ቁጥር ከበለጠ ወደ ድምፁ ይገሰግሳሉ፤ ካነሰ ዝም ይላሉ። ከሁሉ የገረመን ግን ይህ ነው። በእያንዳንዱ መንጋ ሁልጊዜ ፊት የሚቀድሙ አሉ፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩም አሉ። የሚቀድሙት ዞር ብለው የቀሩትን ያያሉ፤ ግን አይቀጡአቸውም፤ ጉዟቸውንም አይተዉም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው፤ አንበሳ ራሱም ያበረ ድር ነው፤ በድሩ ውስጥ የላሉ ክሮች ቢኖሩም ይይዛል። የቧንቧውን ቦይ ለመጥረግ በወጣን ጊዜ ማን እንደቀደመና ማን እንደቀረ የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን ስናነብ ስም አልጠራንም።

ሌላም ተረት አለ፤ «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» የሚል። በ1962 ንጎሮንጎሮ ላይ ሳያረጁ ደረሰባቸው። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ደም የሚመጥ ዝንብ ተራብቶ አንበሶቹን ወረራቸው፤ ቁስላቸው መግሎ፣ ማደን አቅቷቸው፣ ዛፍ ላይና ጉድጓድ ውስጥ እየተሸሸጉ አለቁ። 70 ያህል ከነበሩት የተረፉት 10 ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ነበሩ። በ1994 ደግሞ በሴሬንጌቲ ከመንደር ውሾች የመጣ በሽታ ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን ገደለ። የአራዊት ንጉሥ የሚባለውን ያሸነፈው ጦር ሳይሆን ዝንብና የውሻ በሽታ ነው።

አንበሳ ሰው የበላበት ዘመን

ተጠግተን በምንኖርባት በኬንያ፣ የአንበሳ ነገር ሲነሣ ጻቮ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1898 ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ጻቮ ወንዝ ሲደርስ፣ ጎፈር የሌላቸው ሁለት ወንድ አንበሶች ለወራት ሠራተኞችን ከድንኳናቸው እየጎተቱ በሉ። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከህንድ የመጡ ነበሩ። በእሾህ አጥር ውስጥ፣ በሸራ ድንኳን ያድሩ ነበር፤ እሳት ያነዱ ነበር፤ ቆርቆሮ ይመቱ ነበር። አንበሶቹ ግን እሾሁን ሰርጉደው ይገቡ ነበር። በመጨረሻም ሥራው ቆመ፤ ብዙ ሰው ሸሸ። የድልድዩ መሐንዲስ ፓተርሰን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሁለቱንም ገደላቸው። እርሱ የተበሉት 135 ናቸው ብሎ ነበር፤ በ2009 የአንበሶቹን ጠጕርና አጥንት የመረመሩ ሰዎች ግን ወደ 35 ዝቅ አድርገውታል። 35ም ቢሆን 35 ነፍስ ነው።

አንበሳ እንዲህ የሚከፋው ለምንድን ነው? ከሁለቱ አንዱ ጥርሱ ተሰብሮ መንጋጋው መግሎ ነበር፤ ጎሽ መጣል የማይችል አንበሳ ቀላል የሚያገኘውን ይፈልጋል። ሌላው ምክንያት ግን ከእኛም ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል በገቡ የታመሙ ከብቶች የመጣው የከብት እልቂት አገራችንን ከ1888 እስከ 1892 ድረስ አራቆታት። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ያንን ዘመን ነው። በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፤ ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። በረኃብ የደከሙትንም አንበሳና ጅብ እስከ መንደር እየገቡ መብላታቸውን የዚያ ዘመን ሰዎች ጽፈዋል። ያው በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ በምሥራቅ አፍሪካ ከብቱንም ጎሹንም ፈጀ። የጻቮ አንበሶች የተነሡት ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በሽታው ከምድር መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ስለዚህ አንበሳ ሰው በላ የሚባለው ብዙ ጊዜ አገሩ ከታመመ በኋላ መሆኑን እንረዳለን።

የአጥሩ ኑሮ

ነገሥታት አንበሳን ከጥንት ጀምሮ ይዘው አኑረውታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች ዙሪያቸውን ተቀምጠው እንግዳ ሲቀበሉ፣ በጊዜው የመጡ ፈረንጆች በሥዕል አስቀርተዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1948 በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ አቋቋሙ። ሲጀመር አምስት ወንድና ሁለት ሴት ነበሩ፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደተያዙ ይነገራል። ከእኛም መካከል በልጅነቱ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያቸው አለ። ሌሊት ሲያገሱ እስከ አራት ኪሎ ይሰማ እንደነበር ይናገራል፤ መልስ የሚሰጣቸው ግን አልነበረም። በዱር የሚያገሳ አንበሳ ከማዶ ወንድሙ ወይም ጠላቱ ይመልስለታል፤ በግቢ የሚያገሳው ግን የሚሰማው የአውቶቡስ ጥሩምባ ነው።

በአጥር ውስጥ ያለው አንበሳ ዕድሜው ይረዝማል፤ ይህን መካድ አይገባም። በዱር ወንዱ ከ12 ዓመት፣ ሴቷ ከ15 ዓመት እምብዛም አያልፉም፤ በግቢ ግን 20 ዓመትና ከዚያም በላይ የኖሩ አሉ። ዝንቡም ጅቡም የጠላት መንጋውም የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከአጥሩ ሥር ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ሲመላለሱ ይውላሉ፤ መሬቱ እስኪጎደጉድ ድረስ አንድ መንገድ ብቻ ይረግጣሉ። በ2003 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ እንዲህ ያለው መመላለስ የሚበረታው በዱር ሰፊ አገር በሚያካልሉት አራዊት ላይ ነው። ምግብ ሳይጎድላቸው የሚመላለሱት እግራቸው የለመደውን ስላጣ ነው።

ምግቡስ ቢሆን? እዚህ ላይ ከለንደን አንድ ታሪክ እናምጣ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በለንደን መካነ እንስሳት የሚወለዱት ደቦሎች አጥንታቸው እየተጣመመ ይሞቱ ነበር። ሥጋ አልጎደለባቸውም፤ ስብና አጥንት የሌለው የፈረስ ሥጋ በሽበሽ ነበር። በ1889 ብላንድ ሰተን የተባለ ሐኪም ተጠርቶ፣ የተፈጨ አጥንት፣ ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት ጨምሩላቸው አለ። በሦስት ወር ውስጥ ደቦሎቹ ዳኑ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሥጋው መጠን ሙሉ ነበር። ዱር ያለች አንበሳ ግን ሥጋ ብቻ አትበላም፤ ጉበቱን፣ ሆድ ዕቃውን፣ ለስላሳውን አጥንት ሁሉ ትበላለች። በሚዛን የሞላ ነገር በአካል ሊጎድል እንደሚችል፣ በየወሩ ጆንያ ይዘን ለምንሰለፈው ለእኛ ብዙ ማስረዳት አያሻም።

በአዲስ አበባው ግቢም ችግር ነበር። በ2006 የዓለም ዜና ወኪሎች እንደዘገቡት፣ ቦታና ገንዘብ በማነሱ አንዳንድ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ ቆዳቸው እንዲሞላ ይሸጡ ነበር። በዱር ደቦል ሲሞት ያዘንን ሰዎች፣ የሚበላውን ሰጥተን ቦታ ነፍገን መግደላችን ከዚያ ይከፋል።

ነገር ግን የአጥሩ ታሪክ በዚህ ብቻ አያልቅም። በ2012 የአዲስ አበባ አንበሶች ደም ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ። ከ20ዎቹ አንበሶች 15ቱ ተመርምረው፣ ከተነጻጸሩባቸው ከሌሎች አገር አንበሶች የተለየ ዘር ያላቸው ሆነው ተገኙ። ወንዶቹ ጎፈራቸው ጥቁር ነው፤ ከደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። ጎፈር በብርድ አገር ይበልጥ እንደሚረዝም ስለታወቀ፣ የአዲስ አበባ ብርድም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። የደሙ ልዩነት ግን ከብርድ የመጣ አይደለም። ስለሆነም ከሰባት አንበሶች የጀመረው ግቢ፣ ሳይታሰብ የአንድ አገር ዘር መያዣ ሆኖ ተገኘ።

ሞሮኮም እንዲሁ ነው። የሰሜን አፍሪካ አንበሳ በዱር ጠፍቷል፤ በ1942 በአትላስ ተራራ የተገደለው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ተብሎ ይጠቀሳል። የሞሮኮ ሡልጣኖች ግን በቤተ መንግሥታቸው አንበሶች ነበሯቸው። በ1953 ሡልጣን ሙሐመድ በፈረንሳዮች ተይዘው ሲሰደዱ አንበሶቹም ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው በየመካነ እንስሳቱ ተበተኑ። በ1955 ሡልጣኑ ሲመለሱ አንበሶቹም ተመለሱ። የዘራቸው ንጽሕና ዛሬም ያከራክራል፤ የተረፈ ዘር ካለ ግን የተረፈው በእነዚያ ግቢዎች ነው። እንግዲህ አጥር ዘርን ይጠብቃል። ኑሮን ግን ይጠብቃል ወይ? ይህን የምትመልስልን ኤልሳ ናት።

ኤልሳና እኅቶቿ

በ1956 በሰሜን ኬንያ የአራዊት ጥበቃ ሹም የነበረው ጆርጅ አዳምሰን፣ ደቦሎቿን ለመከላከል የተነሣችበትን አንዲት አንበሳ ገደለ። ሦስት እንስት ደቦሎች ተረፉ። እርሱና ሚስቱ ጆይ አሳደጓቸው። ሁለቱ ትልልቆቹ በሆላንድ ወደ ሮተርዳም መካነ እንስሳት ተላኩ፤ ታናሺቱ ኤልሳ ቀረች። አንድ እናት የወለደቻቸው ሦስት እኅትማማቾች ሁለት ዓይነት ዕጣ ገጠማቸው።

አዳምሰኖቹ ኤልሳን ወደ ዱር ለመመለስ ቈረጡ። ይህ ነገር በሩን ከፍቶ «ሂጂ» እንደ ማለት ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የወሰዷት ከተወለደችበት ቆላ የተለየ አገር ነበርና ታመመች፤ መልሰው ወደ ሜሩ አካባቢ ወሰዷት። ማደን አታውቅም ነበር። የገደሉትን እየሰጡ፣ እየተዉ፣ ከሩቅ ሆነው እየጠበቁ ለወራት አስተማሯት። አንዳንድ ቀን ተርባ ትመለስ ነበር። የአካባቢው ባለ አገር አንበሳም አልተቀበለቻትም፤ ደጋግማ አባረረቻት። የተለየን አገር እጁን ዘርግቶ እንደማይጠብቅ ከዚህ እንማራለን። ሆኖም ኤልሳ ለመደች፤ ከዱር አንበሳ ፀንሳ በ1959 መጨረሻ ሦስት ደቦሎች ወለደች፤ ወንዝ አሻግራም አምጥታ ለአሳዳጊዎቿ አሳየች። በሰው እጅ ያደገች አንበሳ እናትነትንም አደንንም መልሳ ልትይዝ እንደምትችል ዓለም አየ። በ1960 ስለ እርሷ የታተመው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል።

በጥር 1961 ኤልሳ ከመዥገር በሚመጣ በሽታ ሞተች። ዕድሜዋ አምስት አልሞላም ነበር። ደቦሎቿ ገና ዓመት ከጥቂት ሳምንት ነበራቸው፤ የእናታቸውን ትምህርት አልጨረሱም። ሲርባቸው የሰው ፍየል መብላት ጀመሩ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ አዳምሰኖቹም ይዘው ወደ ሴሬንጌቲ ወሰዷቸው። ቀደም ሲል ልብ በሉልን ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ደቦሎቹ በዱር ተወልደዋል፤ ነጻ ናቸው፤ ጥርስም አላቸው። የጎደላቸው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። እናታቸው ደግሞ በሰው ቤት አድጋ ሳለ፣ የሚያስተምራት ስላገኘች ቻለች። እንግዲህ በአጥር ውስጥ መወለድ ብቻውን አንበሳን አያጠፋም፤ በዱር መወለድም ብቻውን አያድነውም። ነገሩን የሚወስነው የሚያስተምር መኖሩ ነው።

ወደ ቋራ

ዛሬ በአፍሪካ ዱር የቀሩት አንበሶች 20,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። በአገራችንም አልጠፉም፤ በጋምቤላ፣ በኦሞ፣ በኦጋዴን፣ በባሌም ሐረና ጫካ ውስጥ አሉ። በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በአላጥሽ ፓርክ ካሜራ ሰቅለው አንበሶችን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ፈለጋቸውንም አገኙ። የዓለም ጋዜጦች «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ። የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቃቸው ነበር፤ ሌሊት ይሰማቸው ነበርና። የጠየቀው ስለሌለ ብቻ አልታወቁም ተባለ።

አላጥሽ ያለው ቋራ ነው፤ የመይሳው ካሳ አገር። ወሰኑን ሲሻገሩ የሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ይቀጥላል። አንበሶቹ ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ ይሻገራሉ፤ ውሃ ወዳለበት ይሄዳሉ። ቴዎድሮስ በለማዳ አንበሶች ተከበው በታዩ በ150 ዓመቱ፣ የተወለዱበት አገር አንበሳ ዛሬም ማንም ሳያስረው በሌሊት ያገሳል። ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ ከደስታውም ጋር የምናውቀው ሐዘን መጣ።

ወደ ልጁ ሥዕል እንመለስ። አጥሩን እንዲያጠፋ አላዘዝነውም። ነገር ግን በዚህ ካምፕ ውስጥ በቋራ በረኃ፣ በጋምቤላ፣ በባሌ፣ በኦጋዴን አንበሳ በዐይናቸው ያዩ፣ ግሳቱን ሰምተው ከብት ያገቡ፣ ፈለጉን ከጅብ ፈለግ የሚለዩ አባቶችና እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ልጆቹ የእነርሱን ቃል ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? ከዚህ እትም በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ዳስ ሥር እንድትመጡና ያያችሁትን እንድትነግሯቸው በአክብሮት እንለምናለን። መጻፍ የማይችል ይናገር፤ እኛ እንጽፍለታለን። ሥዕሉንም ከሌሎቹ ጋር በዳሱ ውስጥ ሰቅለነዋል። ከጎኑ ባዶ ወረቀት አኑረናል፤ ልጁ የሰማውን ከሰማ በኋላ ሁለተኛ እንዲሥል ነው።